ታማሚዋ ቤት ገባች፣ አሁንስ? በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዛባ ሰው ለምታስታምሙ

ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጧችሁ አንድ ወረቀት፣ አንድ ፌስታል መድኃኒትና «በሦስት ሳምንት ተመለሱ» የሚል ቃል ነው። በመሀል ያለው ሃያ አንድ ቀን የእናንተ ነው። ሐኪም የለም፣ ነርስ የለም፣ የሚጮህ ማሽን የለም። አስታማሚ አለ።

እኔ ነርስ ነኝ። እህቴ ሉፐስ አለባት፣ መከላከያው የገዛ ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ፤ ዩኒፎርም ለብሼም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በነጠላ ጫማ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ቆሜ ታክሲ ስለምንም። በሥራ ቦታ የማውቀውን ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደረሳሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። የሐኪማችሁን ትእዛዝ አይተካም፤ ሐኪማችሁ ለመናገር ጊዜ ያጣበትን ይሞላል።

ደረጃ 1፦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ሰው ሁሉ «ኢሚዩኒቲዋ ወርዶ ነው» ይላል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ነገሩን እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። አንዱ ዘበኛ ተኝቷል፣ ሌባ ሲገባ አያይም። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ፣ ኤችአይቪው ሳይታከም የቆየ፣ ኩላሊት የተተከለለት፣ ችግሩን ይዞ የተወለደ ሕፃን እዚህ ውስጥ ናቸው። ሌላው ዘበኛ ደግሞ አብዝቶ ነቅቶ የቤቱን ልጅ በዱላ ይላል። ሉፐስ እንደዚህ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታም እንደዚሁ። ሉፐስ ከያዛቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ።

አሁን ልብ በሉ። ያንን ተደባዳቢ ዘበኛ ለማረጋጋት የሚሰጠው መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አዛቲዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ ዘበኛውን ያስተኛዋል። ስለዚህ መነሻቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ቦታ ነው፦ ሌባ ቢገባ የሚጮህ የለም። ጩኸቱ የእናንተ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። መርካቶም ቴሌግራም ላይም «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ጭማቂ ለሉፐስ ታማሚ ማጠጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሚደበድበውን ዘበኛ ሥጋ አብልቶ ማበርታት! ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ችግር የለውም። በዱቄት፣ በክኒን፣ በጠርሙስ የሚመጣውን ግን መጀመሪያ ለሐኪሙ አሳዩት።

ደረጃ 2፦ ቴርሞሜትርና ደብተር

ሌላውን ሁሉ ባትችሉ ይህን ብቻ አድርጉ። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ፣ የትኛውም ፋርማሲ አለ። የታማሚዋ ብቻ ይሁን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንዴ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ደግሞም «ደክሞኛል» ወይም «በረደኝ» ባለች ቁጥር ለኩ። በእጅ ግንባር መዳሰስ መለካት አይደለም። የእናት እጅም ቢሆን።

በብብት ስትለኩ ቁጥሩ ከአፍ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በብብት 37.5 ካያችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት። 38 ከደረሰ መድገም የለም፣ ጫማ አድርጎ ሆስፒታል መሄድ ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ከሆነ በፊንጢጣ በፍጹም አትለኩ፤ ትንሿ ጭረት ራሷ የጀርም በር ናት።

38 ለእኔና ለእናንተ ተራ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ለእሷ ግን ሰውነቷ ሊልክ የቻለው ብቸኛ መልእክት ሊሆን ይችላል። ቁስሏ ላይቀላ ይችላል፣ መግል ላይቋጥር ይችላል፣ ሳንባዋ ቆስሎ ሳል ላይኖራት ይችላል፤ ምክንያቱም መግሉን የሚሠሩት ነጭ የደም ሴሎች የሉም ወይም ተኝተዋል። ሲቢሲ በሚባለው የደም ምርመራ ውጤት ላይ ኒውትሮፊል (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) የምትል መስመር አለች። ከ1500 በላይ ከሆነ ጥሩ። ከ500 በታች ከወረደች ትኩሳት ማለት ሰዓት የሚቆጠርበት ድንገተኛ ነው፤ ሆስፒታል በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር መጀመር አለባት። ከባዱ ደግሞ ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለው መድኃኒት፣ ራሱ ትኩሳትን ይደብቃል። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ልጅቷ ደህና ካልሆነች፣ ግራ ከተጋባች፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ሽንት ከቀነሰች፣ ቁጥሩን ተዉትና እሷን እመኑ።

የራሴን ልናገር። ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እህቴ ብርድ ብርድ አላት። እማዬ ግንባሯን ዳሰሰችና «ብርድ ነው የመታት» ብላ ፓራሲታሞል ሰጠቻት። እኔ ከሥራ ስገባ አልቧት፣ ቀዝቅዛ፣ እንዲያውም ሻይ ትጠጣ ነበር። ለካሁ፣ 36.8። ደስ ብሎን ተኛን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ነው የነቃሁት፣ 39.4። የሳንባ ምች ነበር። ያቺ አንድ ክኒን ሰባት ሰዓት በላችብን። ነርስ ነኝ ብዬ ነበር አይደል?

ስለዚህ ሕጉ ይኸው፦ ሳይለካ ፓራሲታሞል አይሰጥም። ከተለካም በኋላ ሐኪም ሳይነገረው ትኩሳት ማውረድ የለም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጭራሽ ከቤት ይውጡ፤ ሉፐስ ኩላሊት ይነካል፣ እነሱም ኩላሊት ይነካሉ። ለጉልበት ሕመም ተብሎ እንደ ከረሜላ የሚዋጠውን ማለቴ ነው።

ደብተሩ የልጆች ባለ 32 ገጽ ደብተር ይበቃዋል። ቀን፣ ሙቀት፣ ክብደት በሳምንት አንዴ፣ የበላችው፣ የተወሰደ መድኃኒት፣ አዲስ ነገር። «አዲስ ነገር» የምትለው ዓምድ ወርቅ ናት። «ግራ እግር ትንሽ አብጧል» ብላችሁ ማክሰኞ የጻፋችሁት ዓርብ ላይ ለሐኪሙ ከአሥር ጥያቄ ይበልጥበታል።

ደረጃ 3፦ መድኃኒቱ

እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ፕሬድኒሶሎን ጠዋት፣ ከምግብ ጋር። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፣ በባዶ ሆድ ከተወሰደ ጨጓራ ይልጣል። ፊት ይነፋል፣ ረሃብ ያመጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያወጣል፣ አንዳንዴ ሰውየውን ያለ ምክንያት ያስለቅሰዋል ወይም ያስቆጣዋል። «ጠባይዋ ተበላሸ» አትበሉ፣ ክኒኑ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በድንገት አይቆምም። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ትቷል። በአንድ ቀን ስታቆሙት ግፊት ይወርዳል፣ ራስን መሳት ይመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም፣ ደረጃ በደረጃ ነው። አስመልሷት ክኒኑ ሆዷ ውስጥ መቆየት ካልቻለ «ነገ ትወስዳለች» አይባልም፣ በመርፌ እንዲሰጣት ሆስፒታል ነው የሚኬደው።

ሜቶትሬክሴት የታዘዘላት ከሆነ ስሙኝ። ለመገጣጠሚያና ለሉፐስ ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በቀን አይደለም። በሳምንት። በየቀኑ የተወሰደ ሜቶትሬክሴት መቅኔን አድርቆ ሰው ገድሏል። እኛ ዘንድ መድኃኒት ሲባል «ጠዋትና ማታ» ነው የሚታሰበው፣ ስህተቱም ከዚያ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ በወፍራም ማርከር «ቅዳሜ ብቻ» ብላችሁ ጻፉና ሌላው መድኃኒት ካለበት አርቃችሁ አስቀምጡት። አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ አትዝለሉ። ጠላም ጠጅም ከዚህ መድኃኒት ጋር አይሄድም፣ ጉበት ነው። ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ፅንስ ያበላሻሉ፣ ስለዚህ የመውለድ ሐሳብ ካለ ከእርግዝና በፊት ይነገር እንጂ በኋላ አይሁን።

ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ከወባ መድኃኒቱ ከክሎሮኩዊን ቤተሰብ ነው። ፋርማሲ ውስጥ «ወባ አለባት እንዴ?» ካሏችሁ አትደንግጡ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ዓይን ሊነካ ይችላል፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል። አዛቲዮፕሪን ላይ ያለ ሰው የሪህ መድኃኒት የሆነው አሎፑሪኖል በሌላ ሐኪም ከታዘዘለት ቆም በሉና ንገሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነጩን ደም ያወርዱታል።

መድኃኒት ሲያልቅ አይደለም መፈለግ የሚጀመረው፣ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ከነማ ፋርማሲዎችንና የቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዚያ ጥቁር አንበሳ ዙሪያ ያሉትን በእግር ዙሩ። የወረቀቱን ፎቶ ስልክ ላይ ያዙ። «እሱ የለም፣ ይኸኛው ያው ነው» ከተባላችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ ሚሊግራሙንም ጭምር። የኩባንያው ስም ቢለያይ ግድ የለም።

ስለ ጸበል ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። እኔም እጠመቃለሁ። የሚጎዳው ጸበሉ አይደለም፣ «እምነትሽ ሙሉ እንዲሆን ክኒኑን ተዪው» የሚለው ምክር ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ይህ ብዙ ሰው አስከፍሏል። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጸበሉንም ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሲጠመቁ ብርዱን ተከላከሉ፣ የሚጠጣውን ደግሞ አፍልታችሁ ስጧት። ጾሙም እንደዚሁ ነው፤ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ክኒን ያላት ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል አትችልም። የንስሐ አባቷን ራሷ ትጠይቅ። እስካሁን የከለከለ ካህን አልገጠመኝም። በረመዳንም ሕመምተኛ ይፈቀድለታል፣ ኢማሙ ይነግሯችኋል።

ደረጃ 4፦ ማጀት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ፈላ፣ አውርጂው» አይሠራም። ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ውስጥ የሚከርመውን ሳታፈሉ አትስጡ። ማገዶ ወይም መብራት ከሌለ ውኃ አጋር አለ፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ ከጨመራችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ጥሬ ሥጋ የለም። አውቃለሁ፣ ፋሲካ ነው፣ ሠርግ ነው። የለም። ክትፎ ለብለብም ጥሬ ነው፣ ራሳችሁን አታታልሉ። ኮሶው ይቅርና ቶክሶፕላዝማና ሳልሞኔላ አለ፣ እነዚህ ደግሞ በደከመ ሰውነት ውስጥ አእምሮና ደም ድረስ ይሄዳሉ። ክትፎውን በደንብ አብስላችሁ ስጧት፣ የተጠበሰ ሥጋ ነው ብላችሁ ስም ቀይሩለት። እንቁላል አስኳሉ እስኪደርቅ። ወተት ካልፈላ አይጠጣም፤ እርጎና አይብ ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነም እንዲሁ፣ ብሩሴላ የሚባለው ጀርም እዚያ ነው ያለው። ሰላጣና ቆስጣ፣ በተለይ በወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ በስሎ እንጂ በጥሬው አይሆንም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ የምትልጡት ሁሉ ይቻላል። ጭማቂ ቤት ያለውን ጁስ ግን እርሱት፤ ማሽኑን ማን አጠበው?

የተረፈ ወጥ ማታ ፍሪጅ ይግባ፣ ጠዋት እስኪንተከተክ ይሙቅ። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ለእኛ ፍቅር ነው፣ እሱን የምትተዉበት ጊዜ ይኖራል። እህቴ መጀመሪያ ላይ ሳህኗ ሲለይ አለቀሰች። «ተገለልኩ» አለች። ከዚያ እማዬ ለሁላችንም የየራሳችን ሳህን አወጣችልን፣ ነገሩ አለቀ። ጉርሻውም በማንኪያ ሆነ። ያስቃል፣ ግን ሠርቷል።

አፏ ከቆሰለ በርበሬና ሚጥሚጣ ይቅር። አልጫ፣ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ ሽሮ።

ደረጃ 5፦ ጠያቂ

ይህ ከመድኃኒቱ ይከብዳል። ሰው ታሞ አለመጠየቅ ነውር ነው፣ ጠያቂን ከበር መመለስ ደግሞ የባሰ ነውር። በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አሥራ አምስት ሰው፣ መስኮት ዝግ፣ ዕጣን እየጨሰ፣ ሦስት ጊዜ ጉንጭ መሳም። ጉንፋን የያዘው አንድ ሰው ይበቃል።

እኛ ያገኘነው መላ ማስታጠቢያ ነው። ጠያቂ ሲገባ «እጅሽን ታጠቢ፣ ጀርም አለሽ» ብትሉ ይቀየማችኋል። ማስታጠቢያና ጆግ ይዛችሁ፣ ፎጣ ክንዳችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ብትቀርቡ ግን ክብር ነው፣ ማንም እምቢ አይልም። ሳሙናውን አቀብሉ፣ ውኃውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ «ደህና ናችሁ፣ ልጆቹስ?» እያላችሁ ሃያ ሰከንዱን ታሳልፉታላችሁ። የታጠበ እጅ ይዞ ይቀመጣል። ወንበሩን ደግሞ አስቀድማችሁ በር አጠገብ፣ ከአልጋው ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። ሰው ያገኘው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። መስኮቱን ክፈቱ፣ «ብርድ ይመታታል» ሲሉ ለእሷ ጋቢ ደርቡላትና መስኮቱን ተዉት።

ሳል ያለበት፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ያለበት ልጅ አይግባ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል አዋቂ ቤታችሁ ውስጥ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ የአክታ ምርመራ ያድርግ፤ ቲቢ ከተማችን ውስጥ አለ፣ የተኛ ዘበኛም ይወዳል። ክትባት ከሆነ ለቤተሰቡ ጥሩ ነው፣ ለእሷ ግን የኩፍኝ፣ የቢጫ ወባና የቢሲጂ ክትባት ሕይወት ያለው ጀርም ስለሆነ ያለ ሐኪም ቃል አይሰጣትም። የጉንፋኑ መርፌ ሕይወት የለውም፣ ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ክፍሉና አቧራው

ከ2016 ወዲህ ፒያሳ ፈርሶ፣ ካዛንቺስ ተቆፍሮ፣ የኮሪደሩ ሥራ መሀል ከተማውን ሲያዳርስ አቧራው የት እንደማይገባ ንገሩኝ። ከፈራረሰ ግድግዳና ከተቆፈረ አፈር የሚነሳው አቧራ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፣ ነጭ ደሟ ለወረደ ሰው ግን ሳንባ ውስጥ ይበቅላል። ስለዚህ ደረቅ መጥረግ ይቅር፣ እርጥብ ጨርቅ ነው። ቁፋሮ ባለበት ሰዓት በቁፋሮው በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፣ በሌላው በኩል ክፈቱ። በቁፋሮ አጠገብ ካለፈች ኤን95 ማስክ ታድርግ፣ ሰማያዊው ስስ ማስክ አቧራን አይችልም።

ቄጠማና የአበባ ማስቀመጫ ከክፍሏ ይውጡ፣ እርጥበታቸው ሻጋታ ያበቅላል። ቡናው ይፈላ፣ ግን ዕጣኑ ሳሎን ይቅር። ድመቷን አታባርሯት፤ የድመቷን ኩስ የምትጠርገው ግን እሷ አትሁን።

መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ከሆነ በረኪና ይኑራችሁ። ኬሞ ከወሰደች ደግሞ ለሁለት ቀን ያህል ሽንቷና ትውከቷ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። ፖፖ ለብቻ ያዙላት፣ ጓንት አድርጋችሁ ድፉ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን አትንካ፣ የኬሞ ክኒንም አትስበር።

ደረጃ 7፦ አፍ፣ ቆዳ፣ ፀሐይ

በየቀኑ አንድ ጊዜ በስልክ መብራት አፏን እዩ። ምላስ ላይ ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ መድኃኒት አለው። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። መፋቂያ እወዳለሁ፣ ግን ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል) በወረደበት ሰሞን ድድ ያደማል። ከምግብ በኋላ ሞቅ ባለ ጨው ውኃ ትጉመጥመጥ።

ስታጥቧት ብብትን፣ ጡት ሥርን፣ በጣቶች መሀል፣ ተረከዝን እዩ። ቅባት በየቀኑ፤ የተሰነጠቀ ቆዳ የተከፈተ በር ነው። አልጋ ላይ ከዋለች በየሁለት ሰዓቱ ገልብጧት።

ሉፐስ ፀሐይ አይወድም። የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ብርድ ስላለ ብቻ የዋህ ይመስላል እንጂ በዚህ ከፍታ ጨረሩ ይበረታል። ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ። የፀሐይ ክሬም ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ካልተቻለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጃንጥላ። ለጠዋት ፀሐይ ብላችሁ በረንዳ ላይ አታስቀምጧት። የሕፃን ነገር አይደለም።

ታክሲ ላይ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ፣ ይከፈት። ከኋላ «ዝጊው!» የሚል አይጠፋም። ማስኳን አይቶ የሚሸሽም አለ፣ ይሽሽ፣ ቦታ ይሰፋል። ቀጠሮ ካላት ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ውጡ፤ በመሀል ያለው ግፊያ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከፍተኛ ስቴሮይድ ሊጀመርላት ከሆነና ገጠር በባዶ እግሯ አድጋ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩ። ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትል አንጀት ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ይኖርና ስቴሮይድ ሲጀመር መላ ሰውነት ይወራል። የሰገራ ምርመራና ጥቂት ክኒን ቀድሞ ያስቀረዋል።

ደረጃ 8፦ ሌሊት ሲሆን

ቦርሳው በሩ ጀርባ ይሰቀል፣ ቀድሞ የተሞላ። የሆስፒታል ካርድ፣ የመጨረሻው የላቦራቶሪ ውጤት፣ ደብተሩ፣ የሁለት ቀን መድኃኒት፣ ጋቢ፣ የፈላ ውኃ፣ ማስክ፣ ቻርጀር። ቴሌብር ላይ ለሌሊት የማይነካ ትንሽ ገንዘብ። አምቡላንስ በ939 የእሳትና አደጋው፣ በ907 የቀይ መስቀሉ። ከዘገየ ሰፈር ውስጥ መኪና ያለውን ሰው ቁጥር አስቀድማችሁ ያዙ፣ ቀን ላይ ጠይቁትና ፈቃዱን አግኙ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ታሪክ አትጀምሩ። እኛ ሰዎች «ባለፈው ሰኞ ትንሽ ራሷን አሟት፣ ከዚያ እናቷ...» እንላለን፤ ተረኛው ነርስ ሦስት ሰው ፊቱ ቆሟል፣ ትኩሳት የምትል አንድ ቃል ሰምቶ ወንበር ላይ ያስቀምጣችኋል። እኔም በሥራዬ አስቀምጫለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በዚያች የክረምት ሌሊትም እኛን አስቀምጠውን ነበር፣ የተናገርኩበት ቅደም ተከተል ተበላሽቶ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ናት፣ ትኩሳቷ 38 ከምናምን ነው፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ።» የመድኃኒቱን ስም ጨምሩ። ከዚያ ከሚያስሉ ሰዎች አርቃችሁ እንድትቀመጥ ጠይቁ፣ ኮሪደርም ቢሆን።

እህቴ ያችን ዓረፍተ ነገር በእጇ ጽፋ ከካርዷ ጋር በፕላስተር ለጥፋታለች። ሰዓቷና ዲግሪዋ የሚሞላባት ቦታ ክፍት ነው፣ እስክሪብቶውም አብሮ ታስሯል።